ለምዝገባ የተፈለገች መምህርት፦ ጅማ ላይ የሁለት ዓመት ኮንትራት በስድስተኛው ወር የተቋረጠበት ምክንያት

ከአገራቸው ወጥተው እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ መምህራን ኮንትራታቸውን ሳይጨርሱ ሲሄዱ፣ ከቀጣሪዎቻቸው አፍ ቶሎ የሚወጣው ምክንያት «አገሩ አልተስማማቸውም» ወይም «ናፍቆቱ በረታባቸው» የሚል ነው። ይህ ዓይነቱ ምክንያት ማንንም ስለማያስጠይቅ ሁሉም በቀላሉ ይቀበለዋል። እዚህ የማቀርበው ጉዳይ በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጅማ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት የተፈጸመ ነው፤ ለሁለት ዓመት የተቀጠረች አንዲት ኬንያዊት የእንግሊዝኛ መምህርት በስድስተኛው ወር ሥራዋን ለቅቃ ሄደች። በወቅቱ የትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ተጠሪ ስለነበርሁ አብዛኛውን ነገር በቅርብ ተከታትያለሁ። የቀረውን ከሄደች በኋላ በስልክ አጫውታኛለች፤ ጉዳዩ እንዲጻፍም ፈቅዳለች። የእርሷንም ሆነ የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቅስም።

የደረስሁበትን ድምዳሜ አስቀድሜ ልናገር። መምህርቷን ጅማ አላስወጣቻትም። ዝናቡን ለምዳው ነበር፤ ቡናውን ወድዳው ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ ሄርመታ ገበያ ወርዳ አቮካዶና ሙዝ ተከራክራ ትገዛ ነበር። የመሄዷ ነገር ገና ሳትመጣ በኮንትራቱ ውስጥ፣ ከመጣች በኋላ ደግሞ በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ትምህርት ቤቱ የፈለጋት ለምዝገባ ነው፤ ምዝገባው ሲያልቅ ምን እንደምትሠራ ያሰበበት ሰው አልነበረም።

ከውጭ መጥቶ እንግሊዝኛ ማስተማር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የአሜሪካው ሰላም ጓድ የመጀመሪያዎቹን በጎ ፈቃደኞች ወደ ኢትዮጵያ የላከው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን፣ አብዛኞቹ የተመደቡት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበር። የሕንድ መምህራንም በንጉሡ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ አስተምረዋል፤ በኋላም በዩኒቨርሲቲዎች በብዛት ታይተዋል። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ትምህርት ሲጀመር ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በየቀኑ የደቡብ አፍሪካውያንን እንግሊዝኛ ከቴሌቪዥን መስማት ጀመሩ። ስለዚህ ዛሬ ጅማ ላይ ልጁን ከኪሱ እየከፈለ የሚያስተምር ወላጅ «የውጭ መምህር» ሲባል ከራሱ የተማሪነት ዘመን የሚያስታውሰው አንድ ነገር አለው። ልጆች ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ስለሚከታተሉ፣ በታችኛው ክፍል በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ የተማረ ልጁ ያ ጊዜ ሲደርስ እንዳይደናገጥበት መስጋቱም ተገቢ ነው። የግል ትምህርት ቤቶች ውድድር የቆመው በአብዛኛው በዚህ ስጋት ላይ ነው።

ኮንትራቱና ገንዘቡ

ቅጥሩ የተፈጸመው በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ነው። ናይሮቢ የሚኖር አንድ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ወዳጅ አገናኛቸው፤ ቃለ መጠይቁ በዋትስአፕ ተደረገ፤ ኮንትራቱም በኢሜይል ተልኮ ተፈርሞ ተመለሰ። ሁለት ገጽ የነበረው ይህ ኮንትራት የወር ደመወዝ 30,000 ብር መሆኑን፣ መኖሪያ ቤት እንደሚሰጥ፣ በዓመቱ መጨረሻ የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ቲኬት እንደሚገዛ ይገልጻል። ስለ ሥራ ፈቃድ «ትምህርት ቤቱ አስፈላጊውን ትብብር ያደርጋል» ከማለት ያለፈ ነገር የለውም። በየትኛው ክፍል ምን እንደምታስተምር፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚኖራት፣ የተጻፈው ደመወዝ ግብር የሚቆረጥበት ይሁን የተጣራ፣ አንዱም አልተጻፈም።

በዚያን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። መምህርቷ 30,000ውን በዚህ ሂሳብ ስታሰላው ከ520 ዶላር በላይ ሆነላት፤ በኬንያ ሺሊንግ ደግሞ ወደ 68,000 ገደማ ማለት ነው። እንግሊዝኛና ሥነ ጽሑፍ ለማስተማር በዩኒቨርሲቲ የሠለጠነች ብትሆንም የመንግሥት ቋሚ ቅጥር አላገኘችም ነበር። ይህ የእርሷ ብቻ ችግር አይደለም፤ በኬንያ ሠልጥነው የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽኑን ቅጥር የሚጠባበቁ መምህራን እጅግ ብዙ ናቸው። ኮሚሽኑ በጁኒየር ትምህርት ቤቶች (ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል) በኢንተርንነት፣ ማለትም በጊዜያዊ የልምምድ ቅጥር፣ ለሚመድባቸው መምህራን ይከፍል የነበረው በወር 20,000 ሺሊንግ ነበር። በዚህ ሚዛን የጅማው ሥራ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ታያት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። የመጀመሪያው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የተወሰነው ውሳኔ ነው። የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ 125 ብር አካባቢ ደረሰ። ሁለተኛው የመጀመሪያ ደመወዟን የተቀበለችበት ቀን ነው። በወቅቱ ይሠራበት በነበረው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ከ10,900 ብር በላይ ለሆነ የወር ደመወዝ የግብሩ መጠን 35 በመቶ ሆኖ 1,500 ብር ይቀነስለታል፤ የ30,000 ብር ደመወዝ ግብር 9,000 ብር ይመጣል ማለት ነው። እጇ ላይ የደረሰው 21,000 ብር ነበር። ይህን በ125 ብር ብናካፍለው 168 ዶላር ይሆናል፤ በሺሊንግ ከ22,000 ያንሳል። ሁለቱ ለውጦች ተደምረው አገሯ ላይ ለኢንተርን ከሚከፈለው ገንዘብ ጋር አቻ አድርገዋታል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ከሐምሌ በፊት የነበረውን የ57 ብር ተመን ባንክ ሄዶ ዶላር ያገኘበት ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ በትይዩ ገበያው ከታየ ኪሳራው በወረቀት ላይ የሚታየውን ያህል አይከፋም። ትምህርት ቤቱም የመንግሥትን የምንዛሪ ውሳኔ ሊያውቅ አይችልም ነበር። ግብሩን ግን ያውቅ ነበር። በየወሩ የሠራተኞቹን ግብር ቆርጦ የሚያስገባ ድርጅት፣ ከሌላ አገር ለሚመጣ ሰው «ይህ ያልተጣራ ደመወዝ ነው፤ እጅሽ ላይ የሚደርሰው 21,000 ብር ነው» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ አያቅተውም። ያ መስመር ቢጻፍ መምህርቷ ላትመጣ ትችላለች፤ ባለቤቱም ይህን ስለሚያውቅ ይመስለኛል ያልጻፈው።

የሥራ ፈቃድ

ኬንያውያን ኢትዮጵያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልጋቸውም፤ ይህ ቅለት ግን ለቀጣሪዎች ጥሩ መዘናጊያ ሆኗል። ድንበር ማለፍ ሌላ፣ መሥራት ሌላ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የውጭ አገር ዜጋ በኢትዮጵያ ተቀጥሮ ለመሥራት የሥራ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ፈቃዱ ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ለሦስት ዓመት የሚሰጥ ሆኖ በየዓመቱ ይታደሳል። ማመልከቻውን የሚያቀርበው ቀጣሪው ነው። የትምህርት ማስረጃዎቹ በአገሯ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና ናይሮቢ በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ መረጋገጥ ነበረባቸው፤ ይህን ግን ከመነሣቷ በፊት የነገራት ሰው አልነበረም። ጅማ ከደረሰች በኋላ ዲግሪዋን ወደ ናይሮቢ መልሶ መላክ አስፈለገ። ተረጋግጦ ሲመለስ ደግሞ የትምህርት ቤቱ የራሱ ሰነድ ጎደለ።

ፈቃዱ በመዘግየቱ የታሰረው ብዙ ነገር ነው። ደመወዝን በሕጋዊ መንገድ በባንክ ወደ አገር ቤት ለመላክ የሥራ ፈቃድና ግብር የተከፈለበት ማስረጃ ስለሚጠየቅ፣ ለእናቷና ለታናሽ ወንድሟ የትምህርት ክፍያ ልትልክ ያሰበችው ገንዘብ እዚሁ እየተቀመጠ ዋጋው ቀነሰ። የመኖሪያ መታወቂያ ስላልነበራት አዲስ አበባ ደርሳ መምጣት እንኳ ያሳስባት ጀመር። ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር ከአስተዳደሩ የሚሰጣት መልስ «አታስቢ ቲቸር፣ ይያዛል» የሚል ነበር። ይህ አነጋገር ለእኛ ማጽናኛ ነው፤ ቀንና ሰዓት ቆርጦ መነጋገር ለለመደች ሰው ግን ከመሸወድ አይለይም።

ክፍል ውስጥ የሆነው

የጉዳዩ ዋና ነገር እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልሄድበት።

መምህርቷ ጅማ የደረሰችው በነሐሴ መጨረሻ ምዝገባ በተጧጧፈበት ሰሞን ነው። በመጣች ማግስት ፎቶ አነሷት፤ ብዙም ሳይቆይ ምስሏ በትምህርት ቤቱ በር ላይ በተሰቀለ ትልቅ ባነር ላይ ወጣ። በምዝገባው ሳምንታት የተሰጣት ሥራ በሪከርድ ቢሮው ውስጥ ከመዝጋቢዋ አጠገብ ወንበር ይዞ ተቀምጦ፣ ለሚገቡ ወላጆች በእንግሊዝኛ ሰላምታ መስጠትና ልጆቻቸውን ሁለት ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ነበር። እርሷ ይህን እንደ ትውውቅ ወስዳ በትዕግሥት ፈጸመችው፤ በየማታው ደግሞ ይሰጠኛል ብላ ላሰበችው ክፍል የመጀመሪያ ወር ትምህርት ታዘጋጅ ነበር።

ድልድሉ ሲወጣ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ባሉት 24 ሴክሽኖች ሁሉ «ስፖክን» የሚባል የእንግሊዝኛ ንግግር ትምህርት በሳምንት አንድ አንድ ክፍለ ጊዜ ተሰጣት። በየሴክሽኑ 45 ያህል ልጅ አለ። ከአንድ ሺህ በላይ ልጆችን እያንዳንዳቸውን በሳምንት ለአርባ ደቂቃ ማየት ማለት ነው፤ አንድ በዓል ወይም ስብሰባ ቀኑን ከወሰደው ደግሞ ያው ክፍል ለሁለት ሳምንት አይታይም። በዚህ አሠራር የልጅ ስም መያዝ አይቻልም፤ ማን ዓረፍተ ነገር እንደሚጀምርና ማን እንደሚያቆም፣ ማን በእንግሊዝኛ እያሰበ ማን ከአፋን ኦሮሞው እየመለሰ እንደሚናገር ማወቅ አይቻልም። ማስተማር ከዚያ ዕውቀት የሚነሣ ስለሆነ፣ ድልድሉ ክፍለ ጊዜዎቹን ከመጀመሪያው ጉብኝት አደረጋቸው።

ለትምህርቱ መጽሐፍም መርሐ ትምህርትም አልነበረውም። ከሁሉ የከፋው ግን ስፖክን ካርድ ላይ አለመኖሩ ነው። የእኛ አገር ተማሪ ካርዱ ላይ ለማይወጣ ትምህርት ደብተር አይገዛም፤ ይህን ማንኛውም መምህር ያውቀዋል። ወላጅም ሮስተሩ ላይ የሚያየውን ማርክ እንጂ ልጁ ለማያውቀው ሰው በእንግሊዝኛ መልስ መስጠት መቻሉን አይጠይቅም። በጥቅምት ወር ልጆቹ በእርሷ ክፍለ ጊዜ የሒሳብ የቤት ሥራ መሥራት ጀመሩ። ቴስት ሲቃረብ ደግሞ ሌሎች መምህራን «ክፍለ ጊዜሽን ልዋስ፣ ምዕራፉ አላለቀልኝም» እያሉ ይመጡ ነበር፤ ማንም ክፉ አስቦ አልነበረም፤ የእርሷ ሰዓት ቢወሰድ የሚጎዳ ነገር እንደሌለ ግን ሁሉም በልቡ ያውቅ ነበር። እርሷም ታውቅ ነበር። በኋላ በስልክ ስታጫውተኝ ከደመወዙ ይልቅ አብልጣ ያነሣችው ይህን ነው፦ «አንድ ቀን ብቀር ማንም የሚጎድልበት ነገር አልነበረም።»

ከ6ኛ ክፍል ሁለት ሴክሽን መደበኛው እንግሊዝኛ ሙሉ በሙሉ ለእርሷ እንዲሰጥ ለርዕሰ መምህሩ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። መልሳቸው ግልጽ ነበር፤ «ወላጅ ሁሉ የከፈለው ልጁን እንድታስተምርለት ነው። ለሁለት ክፍል ብቻ ብሰጣት የቀሩትን ወላጆች ምን ብዬ እመልሳቸዋለሁ?» በንግድ ዓይን ከታየ ይህ መልስ አያስነቅፍም። ሁሉም ወላጅ ለተሸጠለት ነገር እኩል መብት አለው። ችግሩ የተሸጠው ነገር በዚህ መጠን ሲከፋፈል ለማንም የማይደርስ መሆኑ ነው። አንዲት መምህርት ከአንድ ሺህ ልጅ ጋር እንግሊዝኛ ልትነጋገር አትችልም፤ ከዘጠና ልጅ ጋር ግን ትችላለች፤ ለውጡም በሰኔ ይታያል።

እንደሚታይ ደግሞ በትንሹም ቢሆን ማስረጃ አለን። ከኅዳር ጀምሮ ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በፈቃደኝነት ከ6ኛ ቢ ልጆች ጋር መቀመጥ ጀመረች። ደንቡ ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ ልጅ መልሱን በእውነት ማወቅ የሚፈልገውን አንድ ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይመጣል፣ ከመካከላቸው አንዱ ወጥቶ በዚያ ይወያያሉ። አንድ ሐሙስ የወጣው ወረቀት «ቡና በጨው ነው በስኳር የሚሻለው?» ይላል። ጨዋታው ሲጀመር ሁለት ሦስት ቃል እየተናገሩ የሚቀመጡ ልጆች፣ ሴት አያታቸው ቡናውን በጨው የሚጠጡት ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ሲሉ ቃል እየጎደላቸው፣ በእጃቸው እያመለከቱ፣ የጎደለውን ቃል እርስ በርስ እየተሟሉ መከራከር ጀመሩ። መምህርቷ ስሕተታቸውን ለማረም በመሐል አላቋረጠቻቸውም፤ በትንሽ ደብተሯ ላይ ከየልጁ ስም አጠገብ አንዲት ስሕተት ብቻ እየመዘገበች በሚቀጥለው ሐሙስ በሥራ መልክ ትመልስላቸው ነበር። በክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቻት የማላውቅ አንዲት ልጅ በጨው በኩል ቆማ ለረጅም ጊዜ ተናገረች። እንዲህ ዓይነት መምህርት ማጣት ምን ያህል ኪሳራ እንደሆነ የገባኝ በዚያ ክፍል ውስጥ ነው፤ የሐሙሱ ሥራ ግን በድልድሉ ላይ አልነበረም፣ ክፍያም አልነበረውም፣ በአስተዳደሩ ሪፖርት ላይም አልተጻፈም።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ያጋጠመው ደግሞ ሌላ ቁስል ነው። አንድ አባት ተነሥተው «እኛ ፈረንጅ ይመጣል ተብለን ነው የከፈልነው» አሉ፤ ከኋላ የደገፏቸውም ነበሩ። መምህርቷ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። አማርኛ ባትችልም የቤቱን ሁኔታ አይታ ነገሩ በእርሷ ላይ እንደሆነ ገብቷታል። እንግሊዝኛ በኬንያ የሥራ ቋንቋ ነው፤ ልጆች ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ የሚማሩበትም ነው፤ እርሷ ቋንቋውን በልጅነቷ ይዛ፣ ማስተማሩን ደግሞ በሙያ ተምራው የመጣች ናት። ከኬንያዊት የተሻለ የእኛን ልጆች ሁኔታ የሚረዳ የውጭ መምህር ማግኘት ይከብዳል፤ እርሷም እንደ እኛ ልጆች ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ እየተናገረች እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ያዳበረች ነችና። ርዕሰ መምህሩ ይህን ለወላጆቹ በደንብ ማስረዳት ይችሉ ነበር። ያሉት ግን «ለሚቀጥለው ዓመት እናስብበታለን» ነው። ያሳዘነኝ የአባትየው ጥያቄ ሳይሆን ይህ መልስ ነው፤ ወላጅ ያልተነገረውን አያውቅም፣ ቀጣሪ ግን ለቀጠራት ሰው ሙያ በአደባባይ መቆም አለበት።

የመምህራን ማረፊያ ክፍሉ ነገር

ደመወዟ በምስጢር የተያዘ መስሎ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም አወቀው። ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ የአገር ውስጥ መምህራን ከሚያገኙት ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። ማንም ፊት ለፊት የተናገራት የለም፤ ሻይ ሲጠጣ ግን ጨዋታው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ብቻ ይሆናል፤ እርሷ ስትገባም ዝም ይባላል። መምህራኑን መውቀስ ይከብደኛል። አንድ ሰው ከአጠገቡ ለተቀመጠ ሌላ ሰው ሦስት እጥፍ ሲከፈል ምክንያቱን ማወቅ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ሥራ ላይ ሲታይ ይቀበለዋል። እርሷ ደግሞ ምክንያቱን የምታሳይበት ሥራ አልተሰጣትም። ከአንድ የአገር ውስጥ መምህር ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ብታስተምር ኖሮ ቢያንስ አንድ ሰው ችሎታዋን በየቀኑ ያይ፣ እርሱም ከእርሷ ይማር ነበር። የ4ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ መምህርቷ ብቻ ከመጀመሪያው ጀምራ ቀረበቻት፤ ገበያ ወሰደቻት፣ ቤቷ ጠራቻት፣ ውሃ በጠፋ ጊዜ ጀሪካን አስሞላችላት። ስለ ቤቱ ብዙ አልልም፤ የጋራ መጸዳጃ ያለው አንድ ክፍል ነበር፤ እርሷም በዚህ ብዙ አላማረረችም።

ውሳኔው

ታኅሣሥ 16 ቀን በእርሷ አቆጣጠር ገና ነበር፤ ለእኛ ተራ ረቡዕ ስለሆነ ስድስት ክፍለ ጊዜ አስተማረች። ብዙ ሰው መሄዷን ከዚህ ቀን ናፍቆት ጋር ሊያያይዘው ይፈልጋል። እንደ ነገረችኝ ግን ውሳኔው የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአገሯ በደረሳት ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የኬንያ የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን 46,000 የሚሆኑ የጁኒየር ትምህርት ቤት ኢንተርን መምህራንን ወደ ቋሚ ቅጥር አዛወረ፤ በእነርሱም ምትክ 20,000 አዳዲስ ኢንተርኖች ሊቀጥር ተነሣ። አብረዋት የተመረቁ ሁለት ጓደኞቿ በቋሚነት ገቡ። አሁን ሂሳቡ ተገለበጠ፤ እዚህ የምታገኘው ገንዘብ ለኢንተርን ከሚከፈለው ጋር እኩል ሆኖ፣ የአገሯ ኢንተርንነት ግን ወደ ቋሚ ሥራ የሚያስገባ በር ሆኖ ታየ። እዚህ በቆየች ቁጥር ያንን ወረፋ እያጣች ነው።

ይህ ወሬ ብቻውን ያስወጣት ነበር ብዬ አላምንም። የሥራ ፈቃዷ የወጣላት፣ የራሷ ክፍል ያላት፣ ማርክ የምትሰጥ፣ ልጆቿን በስም የምታውቅ መምህርት ብትሆን ቢያንስ እስከ ሰኔ እንደምትቆይ ራሷ ነግራኛለች። ማንኛውም ሰው ከተሻለ ገንዘብ ፊት ሥራውን ይመዝናል፤ ከሚዛኑ ወዲህኛው በኩል ምንም ሳይኖር ሲቀር ግን ትንሿ ወሬ ትደፋዋለች።

የሄደችበት መንገድ የሙያ ሥነ ምግባሯን ያሳያል። በጥር መጀመሪያ የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠች፤ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት እስኪያልቅም ሁሉንም ክፍለ ጊዜ ገባች። የሐሙሱንም ቡድን እስከ መጨረሻው ሳምንት አላቋረጠችም። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት የ60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል፤ ክፍያውም በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ሊጠናቀቅለት ይገባል። ትምህርት ቤቱ ግን «የሁለት ዓመት ኮንትራት አፍርሳለች» ብሎ የመጨረሻ ወር ደመወዟን ያዘ። ጉዳዩን ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ለመውሰድ የሥራ ፈቃድ አለመኖሩ አስፈራት፤ ጥፋቱ የቀጣሪው ሆኖ ሳለ ፍርሃቱ የእርሷ ሆነ። በስተመጨረሻ አንድ አንጋፋ መምህርና አንድ የወላጆች ኮሚቴ አባል ሸምግለው ግማሹ ተከፈላትና በየካቲት ሄደች።

ከሌላ ቦታ የምናየው

ደመወዝ ብቻውን ሰውን እንደማያቆይም እንደማያስኬድም ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች የሚያገኙት ለመኖሪያ ያህል የሆነ አበል ነው፤ የአገልግሎት ጊዜያቸውም ሁለት ዓመት ነው። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ግን ለሦስት ወር ያህል ከቤተሰብ ጋር እየኖሩ ቋንቋ ይማራሉ፤ ኦሮሚያ የሚመደቡት አፋን ኦሮሞ ይማሩ ነበር። በትምህርት ቤቱም አብሮ የሚሠራ የአገር ሰው ይመደብላቸዋል፤ ቢታመሙና ቢቸገሩ የሚደውሉለት ሰው አላቸው። ከእነርሱም ሳይጨርስ የሚሄድ አለ፤ የሚሄደው ግን ሥራው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም።

ጃፓን የውጭ አገር ሰዎችን በትምህርት ቤቶቿ እንግሊዝኛ እንዲያስተምሩ ለመቅጠር እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረችው የጄት ፕሮግራም ደግሞ የሚያስተምረን ሌላ ነገር ነው። ኮንትራቱ የአንድ ዓመት ሆኖ በስምምነት እስከ አምስት ዓመት ይታደሳል፤ የውጭው መምህርም ብዙውን ጊዜ ከጃፓናዊው የእንግሊዝኛ መምህር ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ ያስተምራል። የአንድ ዓመት ኮንትራት ለቀጣሪ ዋስትና የሌለው ይመስላል፤ በተግባር ግን ለሰው በክብር የሚወጣበት በር ስለሚሰጠው በዓመቱ መሐል ከመሄድ ይከለክለዋል። የእኛዋ መምህርት ኮንትራት በሰኔ 2017 ዓ.ም. የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ፣ ከፊቷ ያለው ጊዜ አሥራ ስምንት ወር ሳይሆን አምስት ወር ይሆን ነበር። አምስት ወር ይታገሡታል።

ከሄደች በኋላ

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ትምህርት ክፍላችን ስፖክንን ለብቻው እንደ ትምህርት ማስኬዱን ትቶ፣ የንግግር ፈተና ከመደበኛው እንግሊዝኛ 100 ማርክ ውስጥ 20ውን እንዲይዝና ካርድ ላይ እንዲወጣ አስወሰነ። ክፍለ ጊዜዎቹን የየክፍሉ መደበኛ መምህራን ወሰዱ። በመጀመሪያው ወር ውስጥ ልጆቹ ለንግግር ልምምድ ደብተር ገዙ። ከመምህራኑ ሁለቱ የጥያቄ ወረቀቱን ዘዴ ተቀብለው በክፍላቸው እየሠሩበት ነው፤ የ6ኛ ቢ የሐሙስ ቡድን ግን የሚመራው አላገኘም።

ለ2018 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ ሌላ የውጭ መምህር ሲፈልግ አራት ነገሮች ኮንትራቱ ላይ እንዲጻፉ በጽሑፍ አቅርቤ ነበር፦ የተጣራው ደመወዝ፣ የክፍሎቹና የክፍለ ጊዜዎቹ ብዛት፣ ሰውየው ከመምጣቱ በፊት የሥራ ፈቃድ ማመልከቻው መጀመሩ፣ ዘመኑም በሰኔ የሚያልቅ የአንድ ዓመት መሆኑ። አስተዳደሩ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ተቀበለ። የሥራ ፈቃዱን ባለቤቱ ራሳቸው እንደሚከታተሉት ተናገሩ፤ የክፍሎቹ ብዛት ደግሞ ምዝገባው ካለቀ በኋላ እንዲታይ ተብሎ ተላልፏል።